ሜክሲኮ አካባቢ «ኬሚካል የሌለው» ሴረም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆዩ

ባለፈው ወር ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ካለ አንድ ሱቅ 2,800 ብር ከፍዬ ሴረም ገዛሁ። «የፊት መሸብሸብን በ7 ቀን ያጠፋል፣ ሙሉ በሙሉ ከዕፅዋት ነው» አለችኝ ሻጯ። ደረሰኝ ስጠይቃት «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልሽ» አለች። እሺ አልኩ። ተሳስቻለሁ።

ጠዋት ጠዋት ተቀብቼ ሥራ እሄድ ነበር። በአምስተኛው ቀን ጉንጬ ቀልቶ አቃጠለኝ፣ ከዚያ ጠቆረ። የቆዳ ሐኪም ጋ ብልቃጡን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ ጽሑፉን አንብባ ጣቷን አንድ ቃል ላይ አሳረፈች፦ የሎሚ ልጣጭ ዘይት። ሎሚ ውስጥ ፉሮኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ቆዳ ላይ እያሉ ፀሐይ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ። ጥቁረቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ከተማችን አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ ሲጨምር የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረርም ይበረታል።

ዕፅዋት ለቆዳ አይጠቅሙም እያልኩ አይደለም። ቆዳችንን ቀድሞ የሚያስረጀው ይኸው ጨረር ነው፤ ቆዳን ወጥሮ የሚይዘውን ኮላጅን ያፈርሳል። አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያሉ ፖሊፊኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ከጉዳቱ የተወሰነውን ሊቀንሱ ይችላሉ። ባኩቺዮል የሚባል ከዕፅዋት ዘር የሚወጣ ንጥረ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ከሬቲኖል (ለመሸብሸብ ከሚቀባ የቫይታሚን ኤ ዓይነት) ጋር ተነጻጽሮ በ44 ሰዎች ላይ ተሞክሯል። መሸብሸብን በመቀነስ ከሬቲኖል ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፣ ቆዳንም ያነሰ አስቆጣ። ግን ሙከራው 12 ሳምንት ነው የፈጀው። በ7 ቀን የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ጥላችሁ ውጡ።

ብልቃጡንም እዩ። ቫይታሚን ሲ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይበላሻል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ስለዚህ ጥሩ አምራች ጠቆር ያለ ብልቃጥ ውስጥ ነው የሚያሽገው። እኔ የገዛሁት ቫይታሚን ሲ አለው ተብሎ ተጽፎበታል፤ ነገር ግን ብርሃን በሚያሳልፍ መስታወት ውስጥ ሆኖ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ነበር። መልኩ ጠጅ መስሏል። የአምራች ስም የለውም፣ የሚያበቃበት ቀንም የለውም።

ልመልስ ስሄድ «የተከፈተ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ። ደረሰኝ ስላልያዝኩ መከራከሪያ አጣሁ። ትናንት በዚያ ሳልፍ ብልቃጦቹ አሁንም መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። የገዛችሁ ካላችሁ እባካችሁ መቀባቱን ዛሬውኑ አቁሙ፣ ፊታችሁንም ከፀሐይ ጠብቁ። ብልቃጡን ግን አትጣሉት፤ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ያስፈልጋችኋል።