ለውጅግራዬ ልኩን ላገኘልኝ ሰው ምስጋና

ሰላም ወዳጆች። ይህ ጽሁፍ ለአሮጌ ጠመንጃዬ፣ ለውጅግራዬ፣ ልክ የሆነ አረር ለሠራልኝ ሰው ምስጋናም ጥቆማም ነው። በተለይ ከአገር ቤት የወጣ ውጅግራ እጃቸው የገባ ሰዎች ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ጠመንጃ የማትወዱም ሙያውን የሚያከብር ሰው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ከወደዳችሁ ቀጥሉ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በኢትዮጵያ መጋዘን ውስጥ ተከማችተው የኖሩ አሮጌ ጠመንጃዎች ተሸጠው ወደ አሜሪካ ገብተዋል። የጣሊያኖቹ ካርካኖና ቬተርሊ አሉ፣ ውጅግራም አለ። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አንዱን ውጅግራ ገዛሁት። ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፤ በላዩም ቆዳ ተጠፍሮበታል። አሳሪው ማን እንደሆነ ባላውቅም እጁ የሠለጠነ ነበር። ሻጩ "ግድግዳ ላይ ስቀለው" አለኝ። አያቴ በታጠቀው ዓይነት ጠመንጃ አንዴ እንኳ ሳልተኩስ ግድግዳ ላይ መስቀል ግን አልሆነልኝም።

ላላወቀው በአጭሩ ልንገር። ውጅግራ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 ለጦሯ የተቀበለችው ጠመንጃ ነው። የነደፈው ባዚል ግራ የተባለ መኮንን ነው። ከሱ በፊት የነበረው ሻስፖ የወረቀት ጥይት ይጎርስ ነበር፤ ግራ ያንኑ ጠመንጃ ቀለህ ላለው ጥይት እንዲሆን አድርጎ አሻሻለው። የሚጎርሰው አንድ አንድ ጥይት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳዮች ለቤል የተባለውን ጠመንጃ ከነጭስ አልባ ባሩዱ ሲያወጡ ውጅግራ አሮጌ ተባለ። ብዙ ውጅግራም በኦቦክና በጅቡቲ ወደቦች በኩል ወደኛ ገባ። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከኛ ወገን ከዋሉት ጠመንጃዎች አንዱ እሱ ነው። በዚያ ዘመን ጥይት ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ዛሬ ለአንድ የጥንት የውጅግራ ጥይት የሚጠየቀውን ዋጋ ስሰማ ልማዱ አልተወንም እላለሁ።

ችግሬ የጀመረው አረሩ ላይ ነው። ቀለሁን የሚሠሩ ትናንሽ ቤቶች ስላሉ እሱ ይገኛል። አረሩ ግን፣ ማለትም በርሜሉን ይዞ የሚወጣው እርሳስ፣ ለጠመንጃው ልክ መሆን አለበት። ገበያ ላይ "11 ሚሊ" ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው አረር ለጀርመኑ የ1871 ማውዘር የተሠራ ነው። ውፍረቱ 11.33 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ሻጭ "ለውጅግራም ይሆናል፣ ሁሉም 11 ነው" ብሎ ላከልኝ። አልሆነም። በርሜሉ ውስጥ በጎኑ ጋዝ እያመለጠ፣ ቦዮቹን (አረሩን የሚያሽከረክሩትን፣ በርሜሉ ውስጥ የተቀረጹትን ጠምዛዛ ፈሮች) ሳይነክስ እየተንሸራተተ ወጣ። አየር ላይ ተገለባብጦ ታርጌቱን በጎኑ መታው። ወረቀቱ ላይ የቀረው ቀዳዳ ሞላላ ነበር። ለዚያውም ታርጌቱን ያገኘው ጥቂቱ ነው። በርሜሉን ሳጸዳ ደግሞ ቅርፊት ቅርፊት የሚያክል እርሳስ ወጣ።

እዚያው መለማመጃ ቦታ የነበሩ አንድ አዛውንት ቀዳዳዎቹን አይተው ሳቁ። "አንተ የሚያስፈልግህ አንድ ሰው አለ" ብለው ስልክ ሰጡኝ። ዛሬ የማመሰግነው ያንን ሰው ነው። ፔንሲልቬኒያ ገጠር ውስጥ ይኖራል። ዕድሜውን የብረት ማሽን ላይ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። አሁን ጋራዡ ውስጥ ለአሮጌ ጠመንጃዎች አረር ያቀልጣል። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ አልጽፍም። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ስደውልለት መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን ልክ ልነግረው ጀመርኩ። አቋረጠኝ። "መጽሐፉ የሚነግርህ ፋብሪካው የፈለገውን ነው። እኔ የምፈልገው ያንተ ጠመንጃ ያለውን ነው" አለኝ። ከዚያ በፊት ግን የመቀርቀሪያውን፣ የጥይት ማጉረሻውን እና የሰደፉን ፎቶ በፖስታ እንድልክለት ጠየቀ። የጠመንጃ ጥገና ባለሙያ አይቶ ለመተኮስ ደህና ነው እስኪል ድረስ ምንም አልሸጥም አለ። ገንዘብ ይዤ እየለመንኩት እምቢ ያለኝ ነጋዴ እሱ ብቻ ነው። አስመረመርኩ። ባለሙያው ጠመንጃውን መቆሚያ ላይ አስሮ፣ ቃታውን በገመድ ከሩቅ ስቦ ሞከረልኝና ደህና ነው አለ።

ቀጥሎ ከፔንሲልቬኒያ ትንሽ ሳጥን መጣች። ውስጧ ንጹሕ ለስላሳ እርሳስ ቁራጮችና በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነበር። በርሜሉን አጽዳ፣ ዘይት ቀባው፣ እርሳሱን ከአፈሙዝ በኩል አስገብተህ በእንጨት ዘንግ ቀስ እያልክ ግፋው፤ የብረት ዘንግ እንዳትነካ ይላል። እርሳሱ የበርሜሉን የውስጥ ቅርጽ ይዞ ስለሚወጣ መልሼ ልልክለት፣ እሱም ሊለካው ነው። ከሁሉ የገረመኝ መጨረሻው ነው። "ስትገፋው የት እንደጠበቀህ፣ የት እንደላላህ ጻፍልኝ።" እጄ የተሰማው ነገርም ለሱ መረጃ ነው! ማጉረሻውን ደግሞ ሴሮሴፍ በሚባል ብረት ቅርጹን እንዳወጣለት አደረገ። ይህ ብረት ከፈላ ውሃ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ትንሽ ይኮማተራል፣ ከዚያ መልሶ ያብጣል። አንድ ሰዓት ገደማ ሲሞላው የማጉረሻውን ትክክለኛ ልክ ይይዛል፤ የሚለካው ያኔ ነው።

ውጅግራ አራት ቦይ አለው፤ ወደ ግራ ይዞራሉ። አራት መሆናቸው ለሚለካ ሰው እረፍት ነው፤ ቦይ ከቦይ ፊት ለፊት ስለሚገጥም ተራ ማይክሮሜትር ይበቃል። የእንግሊዙ ጠመንጃ ማርቲኒ ሄንሪ ያላችሁ ግን ቦያችሁ ሰባት ስለሆነ ልዩ መለኪያ ያስፈልጋል። እሱ አለው። የኔ ጠመንጃ ከቦይ እስከ ቦይ 11.56 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። በቦዮቹ መካከል ያሉት ጉብታዎች ተበልተው በነሱ በኩል ያለው ስፋት ከ11 ወደ 11.1 ከፍቷል። አፈሙዙ አካባቢም ይላላል። አሸዋና የመጥረጊያ ዘንግ ከመቶ ዓመት በላይ ሲፈትጉት ሌላ ምን ይሆናል!

እዚህ ላይ ሙያው መጣ። በቅባት የሚተኮስ ተራ አረር ከቦዩ በጥቂቱ መወፈር አለበት፤ ለኔ ጠመንጃ 11.6 ግድም ማለት ነው። እሱ ግን እንዲህ ያለ አረር ቀለሁ ውስጥ ሲገባ የቀለሁን አንገት ስለሚወጥረው ማጉረሻው አይቀበለውም አለ። የሴሮሴፉን ልክ አሳየኝ፤ እውነትም ቦታ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን በስሜ ልዩ ሞልድ (የአረር ማፍሰሻ ቅርጽ) አሠርቶ ውድ ዋጋ ያስከፍለኝ ነበር። እኔም እከፍል ነበር። እሱ "ሞልድ አያስፈልግህም፤ ፈረንሳዮቹ መልሱን ያኔ አግኝተውታል" አለኝ።

መልሱ ወረቀት ነው። የውጅግራ የመጀመሪያው አረር 25 ግራም የሚመዝን ለስላሳ እርሳስ ሆኖ ወገቡ በወረቀት የተጠቀለለ ነበር። ሰውየው 10.9 የሚሆን አረር ያቀልጣል። ከዚያ ከጥጥ የተሠራ ስስ ወረቀት አርጥቦ ሁለት ዙር ይጠቀልልበታል። ሁለት ዙር ማለት በሁለቱም ጎን ሲቆጠር አራት ንጣፍ ነው፤ ወረቀቱ 0.05 ከሆነ ውፍረቱ ላይ 0.2 ይጨምራል። ሲደርቅ ጥብቅ ብሎ 11.1 ይሆናል። ልክ በጉብታዎቹ መካከል የሚያልፍ ነው፤ ማጉረሻውም ያለ ችግር ይቀበለዋል።

"ታዲያ 11.56 የሆነውን ቦይ ማን ይሞላዋል?" አልኩት። ጥቁር ባሩድ ሲቀጣጠል ለስላሳውን አረር ከኋላው ይደቁሰዋል። አረሩ አጥሮ ይወፍርና ቦዮቹን ይሞላል። ወረቀቱ እርሳሱን ከዛገው ብረት ለይቶ ይዞት ይሄዳል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ ተበጣጥሶ ይበተናል። ይህ እንዲሆን እርሳሱ ለስላሳ መሆን አለበት። እሱ የሚጠቀመው 30 እጅ እርሳስ ለ1 እጅ ቆርቆሮ ነው (የጣሪያውን ሳይሆን ለብየዳ የሚውለውን ነጩን ማለቴ ነው)። አንቲሞኒ የሚባል ማጠንከሪያ የገባበት ጠንካራ እርሳስ ቢደቆስም አያብጥም። ከአረሩ ሥር የሚቀመጥ የንብ ሰምና ሞራ ድብልቅም በክብ በክብ ቆርጦ ላከልኝ። ሽታው የቤተ ክርስቲያን ጧፍ አስታወሰኝ።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ቀዳዳዎቹ ክብ ሆኑ። በ50 ሜትር ላይ የተኮስኳቸው በመዳፍ የሚሸፈን ቦታ ላይ ገቡ። የወረቀቱ ብጥስጣሽ ከነጩ ጭስ ጋር ሲበተን ጓደኞቼ አጨበጨቡ። በርሜሉን በሙቅ ውሃና በሳሙና ሳጥበው ጥቀርሻ እንጂ እርሳስ አልወጣም። ደውዬ ስነግረው ያለው "እህ" ብቻ ነው።

ጉድለቱንም ልናገር፣ አለዚያ ጥቆማ አይሆንም። ሰውየው ቀርፋፋ ነው። ኢሜይል አያውቅም፤ ስልክና ፖስታ ብቻ። እሁድ አይነሳም። ዋጋውም ርካሽ አይደለም፤ ወረቀት በእጅ መጠቅለል ጊዜ ይበላል። ጭስ አልባ ባሩድ ልጠቀም ነው ያለው ሰው ካለ ስልኩን ይዘጋበታል። ትክክል ነው። ውጅግራ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ መቀርቀሪያው የዘመኑን ግፊት አይችልም።

ሕጉን በተመለከተ፣ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ እንደ ጥንታዊ ይቆጠራል። የየስቴቱ ሕግ ግን ይለያያል፤ መጀመሪያ ጠይቁ። አውሮፓና ባሕረ ሰላጤው ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ያገራችሁን ሕግ ሳታጣሩ እንዳትሞክሩት።

ልትደውሉለት ካሰባችሁ ከሳምንቱ መሐል ጠዋት ይሻላል። የጠመንጃውን ዓይነትና ማጉረሻው ላይ የተጻፈውን ያዙ፤ "ሴንት ኤቲየን" ወይም "ቱል" የሚል የፋብሪካ ስም ታገኙ ይሆናል፣ የሚሰማውም ደስ ብሎት ነው። ስንት ሚሊ እንደሆነ ግን እንዳትነግሩት። እርሳሱን ገፍታችሁ ላኩለት። እርሳሱን ከራሳችሁ የምታወጡ ከሆነ ንጹሕ ይሁን፤ ከመኪና ጎማ ማመጣጠኛ ክብደት የቀለጠ ከላካችሁ ሳይለካ ይመልሰዋል፣ የፖስታውንም እናንተው ትከፍላላችሁ።