የ1 ዶላሩን «ሙከራ» ከመጫናችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ላላችሁ ወገኖቼ ነው። ነገሩ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ግን እነዚህ ሰዎች የሚበሉን አፍረን ዝም ስለምንል ነው።

ባለፈው ወር አንድ የአዋቂዎች ፊልም ድረ ገጽ «ልዩ ተከታታይ፣ 2 ቀን በ1 ዶላር» አለኝ። ካርዴን አስገባሁ። በሦስተኛው ቀን 39 ዶላር ከ95 ሳንቲም ተቆረጠ። አላበቃም፤ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ሁለት ሌሎች ገጾችም ቆረጡ። ተመልሼ የክፍያውን ገጽ ሳየው ገባኝ። ከ«ቀጥል» ቁልፍ በታች፣ በደቃቅ ግራጫ ፊደል፣ ለእነዚያ ሁለት ገጾች የሚያስመዘግቡ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። ሁለቱም ላይ ቀድሞውኑ ራይት ተደርጓል። ማጥፋት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

«አዲስ» የተባለው ተከታታይም የድሮ ቅጂ ተቀጣጥሎ አዲስ ሽፋን የለበሰ ነው። ይህ ከቪዲዮ ካሴት ዘመን የመጣ ዘዴ ነው። ያንኑ ትዕይንት «ምርጥ ስብስብ» እያሉ መልሰው ይሸጡት ነበር። ገዢው አፍሮ ገንዘቤን መልሱ አይልማ!

ኢንተርኔት ሲመጣ ደግሞ ባሰ። በ1997 እንደ ፈረንጆቹ፣ ፎቶ በነጻ ለማየት አንዲት ፕሮግራም አውርዱ ይባል ነበር። ያኔ ኢንተርኔት የሚገባው በስልክ መስመር ነበር፤ ፕሮግራሟ መስመሩን ትቆርጥና፣ የሞደሙን (ኮምፒዩተሩን ከስልክ የሚያገናኘውን ዕቃ) ድምፅ አጥፍታ፣ ሞልዶቫ የሚባል ሩቅ አገር ትደውላለች። በደቂቃ ከ2 ዶላር በላይ። ሰዉ ከገጹ ቢወጣም መስመሩ አይዘጋም። የታወቀው የስልክ ቢል ሲመጣ ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሶ 38 ሺህ ለሚሆኑ ሰዎች 2.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስመለሰ። በ2000 ደግሞ «ጉብኝቱ ነጻ ነው፣ ካርዱ ዕድሜ ለማረጋገጥ ብቻ ነው» እያለ የሚያስከፍለውን ክሬሰንት የተባለ አሳታሚ ከሰሰ። ክሱ በ2001 በ30 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ዛሬ ዕድሜ ማረጋገጫ ነው ተብላችሁ ካርድ ስትጠየቁ ይህን አስቡ።

ባንክ መግለጫችሁ ላይ የገጹን ስም አትፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ለገጹ ክፍያ የሚሰበስብለት ድርጅት ስም ነው። በዚህ ምክንያት ወራት ሙሉ ሳያውቁ የሚከፍሉ አሉ። በ2010 የወጣው ሕግ ኢንተርኔት ላይ አንዱ ሻጭ የካርድ ቁጥራችሁን ለሌላ ሻጭ አሳልፎ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ስለዚህ መብት አላችሁ። በክሬዲት ካርድ ከሆነ፣ ስህተቱ ያለበት መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ተከራከሩ። ዴቢት ካርድ ግን ለእንዲህ ያለ ገጽ በፍጹም አትስጡ፤ ገንዘቡ ከሒሳባችሁ ወዲያው ነው የሚወጣው።

እኔ ባንክ ለመደወል አራት ቀን አመነታሁ። ምን ፊልም ነው ብላ ትጠይቀኝ ይሆን ብዬ። ያነሳችው ልጅ የጠየቀችኝ ቀኑንና መጠኑን ብቻ ነው። የሁለቱ ገጾች ተመለሰልኝ። 39ኙ ዶላር ግን ቀረ።