ጅሬን ላይ ከአናጢው አባቴ ጋር

ዋሽንግተን ዲሲ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነው። የዕረፍት ቀኔ ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞን ደግሞ ሙዚየም ነው የምውለው። መጀመሪያ ሰሞን የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያ በነፃ ነው ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ቲኬት የሚቆረጥበትን መስኮት ስፈልግ፣ ጥበቃው ፈገግ ብሎ በእጁ ግቢ አለኝ። ያን ቀን ሲዘጋ ነው የወጣሁት።

ከሁሉም የምወደው የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየሙን ነው። አብዛኛው ክፍል ከመሬት በታች ስለሆነ በደረጃ ይወረዳል። ከእንጨት የተፈለፈሉ ሥራዎች ፊት ስቆም ሁልጊዜ አባቴ ትዝ ይሉኛል። አባባ ጅማ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ አናጢ ነበሩ። "ይቺን እሳቸው ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?" እላለሁ ብቻዬን።

ዘንድሮ ጅማ ስመጣ ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወስጄ እሱን ልጠይቃቸው ቆርጬ ነበር። ቤተ መንግሥቱን እኔ ያየሁት አንዴ ብቻ፣ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። አባባ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ጅማ ኖረው ውስጡን ገብተው አያውቁም። "ሥራ ነበረብኝ፣ መቼ ብዬ?" አሉኝ።

ጠዋት ከፈረንጅ አራዳ ባጃጅ ኮንትራት ይዘን ወጣን። ጅሬን ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ዳገት ነው። በክረምት የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ። የጅማን የከሰዓት ዝናብ የማታውቁ ታውቁታላችሁ። ኮረብታው ላይ ስትደርሱ ቶሎ ወደ ውስጥ አትግቡ፤ መጀመሪያ ዞር ብላችሁ ቁልቁል እዩ። ንጉሡ ለምን እዚህ እንደተቀመጡ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። ከምኒልክ ጋር ከመዋጋት መገበርን መረጡ። በዚህም ግዛታቸው የውስጥ አስተዳደሩን እንደያዘ ቆየ። በጊቤ ወንዝ አካባቢ የነበሩት ሌሎቹ የኦሮሞ መንግሥታት ቀድመው ከስመው የጅማው የመጨረሻ የሆነው ለዚህ ነው። ታች ደግሞ የሂርማታ ገበያ ነበር፤ የቡናውና የሲራራ ነጋዴው መገናኛ። የዛሬዋ ከተማ ያደገችው በዚያ ገበያ ዙሪያ ነው።

ይህን ሁሉ አስጎብኚያችን በደንብ አስረዳን። ትሑት ወጣት ነው። ግን ከእንጨቱ በረንዳ ስንደርስ አባባ ቀሩ። ቀና ብለው ጣሪያውን፣ ከዚያ ማዕዘኑን፣ ከዚያ አንዱ እንጨት ከሌላው ጋር የተያያዘበትን ያያሉ። አንገታቸውን አዘንብለው ቆዩ።

"አባባ፣ ምን አዩ?" አላቸው ልጁ።

"ይሄኛው በመጥረቢያ የተጠረበ ነው። ያኛው በማሽን የተላገ ነው፤ ሲታደስ የገባ መሆን አለበት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ነይ እስቲ፣ በጎን በኩል ሆነሽ ወደ ብርሃኑ እዪው።"

እንዳሉኝ በጎን አየሁት። አሮጌው ላይ ትንንሽ ጎድጓዳ ምልክቶች አሉ፣ ውሃ ላይ እንዳለ ሞገድ። እያንዳንዷ አንድ ምት ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሙዚየም ስመላለስ እንዲህ ማየት ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። አስጎብኚው ስልኩን አውጥቶ መቅዳት ጀመረ። "አባቴ፣ ቀጥሎ ያለውንም ይንገሩኝ" አላቸው። ከዚያ በኋላ ጉብኝቱ የአባባ ሆነ። አንድ ሰዓት ያሰብነው ሦስት ሰዓት ፈጀ።

ቀጥለን ከተማ ወርደን ጅማ ሙዚየም ገባን። ቅደም ተከተሉን እንደኛ አድርጉት፤ ጅሬንን አስቀድሙ። እዚህ የንጉሡ መገልገያዎችና የአካባቢው የዕደ ጥበብ ሥራዎች አሉ። ክፍሎቹን አይታችሁ ከመጣችሁ ዕቃዎቹ ከመደርደሪያ ወርደው ቦታ ቦታቸውን ይይዙላችኋል። እኔ ብዙ የቆየሁት በርጩማዎቹ ጋ ነው። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ መቀመጫውም፣ መደገፊያውም፣ እግሩም ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፈለው። ቁራጭ አይቀጠልበትም።

እሱን የመሰለ ካልገዛሁ አልሄድም አልኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ላይ ሻጩ "ወጥ ነው" ብሎ ማለልኝ። አባባ ምንም ሳይሉ ገለበጡትና በአውራ ጣታቸው ከእግሩ ሥር ፈተግ አደረጉ። የደረቀ ኮላ ነበር። ከፋኝ፤ እሳቸው ባይኖሩ ከፍዬ ወጥቼ ነበር። ስለዚህ ስትገዙ ገልብጡት። የእንጨቱ መስመር ከመቀመጫው ወደ እግሩ ሳይቋረጥ መውረድ አለበት። መስመሩ መጋጠሚያው ላይ አቅጣጫ ከቀየረ ተቀጥላ ነው። ቀለም በወፍራሙ ከተቀባ ደግሞ መስመሩም አይታይም፤ ተዉት። ሁለተኛው ቦታ ላይ ጠራቢው ራሱ ነው የሚሸጠው። ዋጋው ከፊተኛው ይበልጣል፤ ያወጣዋል።

የመግቢያ ክፍያውን አልጽፍም፤ ይቀያየራልና በሩ ላይ ጠይቁ። ምቹ ጫማ አድርጉ። ለሁለቱም አንድ ሙሉ ቀን ስጡ። እንደኔ ለዕረፍት ለመጣችሁ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ብቻችሁን አትሂዱ። እናታችሁ ጥጥ ፈታይ ከነበሩ፣ አያታችሁ ቡና ያወርዱ ከነበረ፣ እነሱን ይዛችሁ ሂዱ።

በርጩማውን ቤት ስናደርስ አባባ መነጽራቸውን አደረጉና አንዱ እግር ትንሽ ሻካራ ነው አሉ። ብርጭቆ ወረቀት አምጪ አሉኝ። ሐሙስ ነው በረራዬ። እስከ ትናንት ማታ ድረስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው እያለሰለሱት ነበር።