«ማን ለጥቂት ተረፈ?»፦ ኮቦ ኮሌክት በዱቄት ፋብሪካችን

ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ ዱቄት ፋብሪካ የሥራ ደኅንነት ኃላፊ ነኝ። ኮቦ ኮሌክት የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ለአደጋ መመዝገቢያ መጠቀም ከጀመርሁ ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ የተሠራው ለሰብዓዊ ርዳታ መረጃ ሰብሳቢዎች ነው። ይሁን እንጂ ለፋብሪካ ተብሎ ከተሠራው ይልቅ እኛን የጠቀመን እሱ ነው።

ከዚያ በፊት ሌላ ፕሮግራም ተገዝቶልን ነበር። በዚያ መዝገብ ላይ የጠዋቱ ፈረቃ የአደጋ ሁሉ መነሻ መስሎ ይታይ ስለነበር የፈረቃው አለቃ በየስብሰባው ይወቀስ ነበር። አንድ ቀን የወረቀቱን ደብተር ከኮምፒውተሩ ጋር ሳመሳክር ደነገጥሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጆንያ የወደቀበት ሠራተኛ «8፡00» ብሎ ይሞላል፤ ፕሮግራሙ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚቆጥር ከጠዋቱ 2 ሰዓት አድርጎ ይመዘግበዋል። የሌሊቱ አደጋ በጠዋት ሰዎች ስም ሲጻፍ ከርሟል። ያ አለቃ ያለ ጥፋቱ መወቀሱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በኮቦ ግን ጥያቄዎቹን ራሴ በአማርኛ ጻፍኋቸው። የቀን ጥያቄው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲታይ ማድረግ ይቻላል፤ ሐምሌ 12 ብሎ የሚሞላው ሰው ስለ ፈረንጅ ወር አይጨነቅም። ለሰዓቱ የስልኩን ሰዓት መምረጫ ተውሁትና «ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 8»፣ «ከሌሊቱ 8 እስከ ጠዋቱ 12» እያልሁ ምርጫ አስቀመጥሁ። መጻፍ የማይችል በድምፁ ይናገራል፤ ፎቶግራፍም ይያያዛል። ኔትወርክ በሌለበት የተሞላው ቅጽ ስልኩ ላይ ተቀምጦ ይቆይና ኋላ ይላካል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

የከበደኝ ሰውን ማናገር ነበር። ሪፖርት ማድረግ በብዙዎች ዘንድ ማሳበቅ ነው፤ የቀን ሠራተኛው ደግሞ ነገ እንዳይጠራ ይፈራል። አንድ አዛውንት ጫኝ የጆንያ ቁልል ከጎናቸው ሲናድ አይቼ ለምን እንዳላስመዘገቡ ጠየቅኋቸው። «እታለም፣ እመቤቴ አወጣችኝ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይጻፋል?» አሉኝ። እኔም የምስጋናውን ቃል አከብራለሁ። ነገር ግን ያው ቁልል ነገ በሌላው ላይ ይናዳል። ስለዚህ «አደጋ ደርሷል?» የሚለውን የመጀመሪያ ጥያቄ አንሥቼ «ዛሬ ማን ለጥቂት ተረፈ?» ብዬ ጻፍሁ፤ ስም መሙላትንም ግዴታ አላደረግሁም። ከዚያ በኋላ ነው ሰዉ መናገር የጀመረው።

የተላኩትን በኤክሴል አውርጄ በሰዓት ስደረድራቸው አብዛኞቹ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ፣ ያውም በመጋዘኑ ሰሜን ጥግ የደረሱ ሆነው ተገኙ። በዚያ ሰዓት ሄጄ ቆምሁ። መብራቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከቁልሉ ጀርባ። ሁለት መብራት ተጨመረ፤ ቁልሉም በሁለት ረድፍ ዝቅ አለ።

ለሚቀጥሩ ሰዎች አንድ ነገር ላሳስብ፦ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት አሠሪው በሥራ ላይ የሚደርስን አደጋና የሙያ በሽታን መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ አለበት። ስልክ ላይ መመዝገብ ብቻውን ይህን ግዴታ አይወጣም። እኔ በየጊዜው አትሜ አስፈርማለሁ። የአደጋ መጠን የሚሰላው የአደጋዎቹን ቁጥር ለተሠራው ጠቅላላ ሰዓት አካፍሎ በአንድ ቋሚ ቁጥር በማባዛት ነው፤ ስታሰሉም በምን እንደምታባዙ ጻፉ። የአሜሪካው ስሌት የሚያባዛው በ200,000 የሥራ ሰዓት ነው፤ 100 ሰው በሳምንት 40 ሰዓት 50 ሳምንት ቢሠራ ማለት ነው። በእኛ ሕግ ግን መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 48 ይደርሳል። እኔ በ1,000,000 ሰዓት ነው የማሰላው።

መተግበሪያው የሚሠራው በአንድሮይድ ስልክ ነው። መረጃ መሰብሰቢያ እንጂ ሥራ መከታተያ ስላልሆነ ማን ምን እንዲያስተካክል እንደታዘዘና መቼ እንደጨረሰ አይከታተልልኝም። ለዚያ በመጋዘኑ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅያለሁ፤ የተስተካከለውን የሚያጠፋው ያመለከተው ሠራተኛ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ዛሬ ጠዋት ሦስት ያልጠፉ ነበሩ። አንዱ የደረጃው መደገፊያ ነው፤ ብረቱ ማክሰኞ ይመጣል።