የካቶ ሐዲድ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ፦ ድሬዳዋን ለመሥራት ይበቃል?

የጃፓኑ ኩባንያ ካቶ «ዩኒትራክ» በሚል ስም ከሚሸጠው የሞዴል ባቡር ሐዲድ እኔ የያዝሁት በኤን መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው 160 ጊዜ ባነሰ ልኬት የተሠራ ነው። የጠጠሩ መደብ ከሐዲዱ ጋር አብሮ ስለተቀረጸ ምስማርም ማጣበቂያም ሳያስፈልገው ቁራጩን ከቁራጭ በማገጣጠም ብቻ ይዘረጋል። የምኖረው በጠባብ አፓርታማ ውስጥ ስለሆነ እራት ሲቀርብ ተነቅሎ አልጋ ሥር የሚገባ ነገር እፈልግ ነበርና የመነሻ ስብስቡን የገዛሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠረጴዛዬ 60 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው። በስብስቡ ያሉት ኩርባዎች ሬዲየሳቸው 315 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ክቡ ብቻውን ከ63 ሳንቲ ሜትር በላይ ይወስዳል፤ ይህን አስቀድሜ ባለመለካቴ ሐዲዱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጭ ተንጠልጥሎ ሳየው በራሴ ሳቅሁ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሳጥኑ አልነበረም። ለብቻቸው ከሚሸጡት ባለ 249 ሚሊ ሜትር ኩርባዎች ስምንት ገዝቼ፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ባለ 248 ሚሊ ሜትር ቀጥታ ቁራጮች ሳስገባ ዙሩ ተመቻችቶ ተቀመጠ፤ መሐሉ ላይም ለጣቢያና ለዛፍ የሚሆን ቦታ ተረፈ። ኩርባው በመጥበቡ ግን ረጃጅም የመንገደኛ ፉርጎዎች ጫፋቸው ወደ ውጭ እየወጣ ስለሚያስቀይሙ፣ በአጫጭር የዕቃ ፉርጎዎች መወሰን ግድ ሆነ።

የቦታው ምርጫም የተወሰነው በዚህ ጥበት ነው። በመጀመሪያ ከለገሃር እስከ ጅቡቲ ያለውን መስመር በጠቅላላ አስቤ ነበር፤ 784 ኪሎ ሜትሩ በዚህ ልኬት እንኳ 4.9 ኪሎ ሜትር እንደሚሆን ሳሰላ ተውሁት። የአዋሽ ድልድይም ቢሆን ገደሉን ለማሳየት ጠረጴዛውን መቁረጥ ይጠይቃል፤ ጠረጴዛው ደግሞ እንጀራ የሚቀርብበት ነው።

ከዚያ ከአዲሱና ከአሮጌው መስመር አንዱን መምረጥ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከዚህ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ጋር ልክክ ይላል፤ አሮጌው ግን የአንድ ሜትር ስፋት ስለነበረው በዚሁ ልኬት 6.25 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆን ነበረበት። ለልኬት የሚጨነቅ ሰው አዲሱን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ በመሆኑ ዙሩን በሙሉ ምሰሶና ሽቦ መትከል ያስፈልጋል፤ ይህ በየማታው ለሚነቀል ሐዲድ የማይታሰብ ነው። ጣቢያዎቹም ከከተማ ርቀው የተሠሩ ስለሆኑ በዙሪያቸው የሚቀረጽ ኑሮ ጥቂት ነው።

ድሬዳዋ ግን ባቡሩ የወለዳት ከተማ ናት። ሐዲዱ ወደ ሐረር ዳገት መውጣት ስላስቸገረ እ.ኤ.አ. በ1902 ከተራራው ግርጌ ደረሰ፣ ከተማዋም እዚያው በቀለች። ጣቢያው፣ የባቡሩ መጠገኛና የከዚራ ሰፈር ጥላማ ጎዳናዎች በእውኑም ጎረቤታሞች በመሆናቸው በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሲጠጋጉ ውሸት አይመስሉም። ዘመኑን እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ያደረግሁት፣ ያኔ ዲዝሎቹ የእንፋሎቶቹን ቦታ ይዘው ስለነበር የስብስቡን ዲዝል ሎኮሞቲቭ ቀለሟን ብቻ ለውጬ እንድጠቀምባት ነው።

የተቀረጸው ጠጠር ግራጫነት ለድሬዳዋ አቧራ ባዕድ ነው። በውሃ የቀጠነ ቡናማ አክሪሊክ ቀባሁበት፣ በሻይ ማጥለያ የነፋሁትን አሸዋም በሐዲዱ ጠርዝ ላይ አጣበቅሁ፤ ከሐዲዱ ሥር በአግድም የተነጠፉት የጋድሞቹ ጫፍ በመሸፈኑ የስፋቱ ስሕተት ዓይን አይወጋም። የሐዲዱን አናት ግን ቀለሙ ሳይደርቅ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፤ ካልተጠረገ ኤሌክትሪኩ ስለማያልፍ ሎኮሞቲቩ ባለበት ይቆማል።

ከአንድ የድረ ገጽ ሱቅ «የበረሃ ገጽታ» ተብሎ የመጣልኝ እሽግ በአሜሪካ ምዕራብ የሚበቅል ቁልቋል ብቻ ስለነበረበት ለከዚራ አልሆነም። ግራሩን የሠራሁት ከደረቅ ጦስኝ ግንድ ነው፤ ቅርንጫፉን ከላይ ጠፍጣፋ አድርጌ ቆርጬ አረንጓዴ የስፖንጅ ፍርፋሪ ስነሰንስበት ከተገዛው ዛፍ በለጠ። ተዘጋጅተው የሚሸጡት 11 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ሰዎች ካፖርት ለባሾች ናቸው፤ ካፖርቱን በምላጭ ፍቄ ሽርጥ ቀባሁላቸው።

ስለዚህ ሐዲዱን ቋሚ ክፍል ለሌለው ሰው ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ የሚገዛው ግን ጠረጴዛውን ለክቶ፣ ኩርባውንም ለይቶ ይሁን። እኔን ያቃተኝ ግመሉ ብቻ ነው፦ ከሽቦና ከሸክላ የሠራሁት አህያ ስለመሰለ ለጊዜው ከመጨረሻው ፉርጎ ጀርባ አቁሜዋለሁ።