አፍ ሲከፈት ሲፓፕ ይደክማል፦ ሙሉ ማስክ፣ የአገጭ ማሰሪያ ወይስ ፕላስተር?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ባለቤቴ በክርኗ ጎሰም ታደርገኝና «ዛሬም ያፏጫል» ትለኛለች። የሚያፏጨው ስተኛ በማስክ በኩል አየር በግፊት የሚነፋልኝ ሲፓፕ የተባለው መሣሪያ አይደለም፤ እኔ ነኝ። በአፍንጫዬ የገባው አየር መንጋጋዬ ሲላላ በከንፈሮቼ መካከል ያፈተልካል። ጠዋት ስነቃ ምላሴ እሳት ላይ እንደ ተረሳ ምጣድ ደርቋል። በእንቅልፍ ላይ ትንፋሹ እየተቋረጠ ሲፓፕ የታዘዘለት ሰው ይህን ነገር ሳያውቀው አይቀርም። እኔም ባለፉት ዓመታት አፌን ለመዝጋት ያልገዛሁት፣ ያላሰፋሁት ነገር የለም፤ አንዳንዱ ረድቶኛል፣ አንዳንዱ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። እዚህ አዳማ ሆናችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጎን ለጎን አስቀምጬ ላሳያችሁ።

የሲፓፕ አሠራር ቀላል ነው። የጉሮሮ ሥጋ በእንቅልፍ ላልቶ እንዳይጣበቅ በአየር ግፊት ከፍቶ ይይዘዋል። ግፊቱ የሚለካው በሴንቲ ሜትር ውሃ ሲሆን በተለመዱት መሣሪያዎች ከ4 እስከ 20 ይደርሳል። አፍ ሲከፈት ግን የተበሳ ጎማ እንደ መንፋት ነው። መሣሪያው የጎደለውን ለመሙላት ይጮኻል፣ ጉሮሮ ላይ የሚደርሰው ግፊት ይወርዳል፣ የተባረረው የትንፋሽ መቋረጥ ተመልሶ ይመጣል። መዘዙ በዚህ አያበቃም። በአፍንጫ ገብቶ በአፍ የሚወጣው አየር የአፍንጫን የውስጥ ሽፋን ያደርቃል፤ የደረቀው ያብጣል፤ አፍንጫ አብጦ ሲዘጋ አፍ ከበፊቱ ይበልጥ ይከፈታል። ብዙ ሰው ገንዘቡን አፉ ላይ የሚያፈሰው ጥፋተኛው አፍንጫው ሆኖ ሳለ ነው።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ማጣራት ይቀድማል። አየሩ የሚያመልጠው በእርግጥ በአፋችሁ ነው? ወይስ በማስኩ ጠርዝ? በማስኩ ጠርዝ ከሆነ ዓይናችሁ ላይ ይነፍሳል፣ ጠዋት ዓይን ይቀላል፤ በአፍ ከሆነ አፍና ጉሮሮ ይደርቃል። መሣሪያው ራሱም ይናገራል። ሬስሜድ የተባለው አምራች መሣሪያዎች ለምሳሌ ከማስኩ ያለ አግባብ የሚያመልጠው አየር በደቂቃ ከ24 ሊትር ሲበልጥ እንደ ችግር ይቆጥሩታል። የመሣሪያውን ሚሞሪ ካርድ ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ ኦስካር በተባለው ነጻ ፕሮግራም ሌሊቱን በደቂቃ በደቂቃ ማየትም ይቻላል። በነገራችን ላይ ማስኩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብልሽት አይደሉም፤ የተነፈሳችሁትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስወጡ ናቸው። እነዚያን ቀዳዳዎች «አየር ያባክናሉ» ብሎ በፕላስተር የደፈነ ሰው አይቻለሁ። አደራ፣ እንዳታደርጉት።

ቀጥሎ አፍንጫ። አዳማ የነፋስ ከተማ ናት፤ በአካባቢዋ ኮረብታዎች ላይ የተተከሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት ያላቸው በከንቱ አይደለም። ያ ነፋስ ለእኛ ቤት የሚያመጣው ግን አቧራ ነው። የቡናው ዕጣንና የከሰሉ ጭስ ሲጨመርበት አፍንጫዬ ማታ ማታ የተወታተፈ ቱቦ ይሆናል። አፍንጫው የተዘጋበትን ሰው አፍህን ዝጋ ማለት አትተንፍስ ማለት ነው። ከመተኛት በፊት በንጹሕ ውሃ በተዘጋጀ የጨው ውሃ መታጠብ ከሁሉም ርካሹ መፍትሔ ነው፤ ውሃው ግን የፈላና የቀዘቀዘ መሆን አለበት። ፋርማሲ ሄዳችሁ «አፍንጫ የሚከፍት» ስትሉ የሚሰጣችሁ የዛይሎሜታዞሊን ጠብታ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል፤ ከሳምንት በላይ ከተጠቀማችሁበት ግን አፍንጫው ያለ ጠብታው አልከፈትም ይላል። እኔ በዚህ ወጥመድ ውስጥ ወር ያህል ከርሜአለሁ። ለአለርጂ የሚሆኑት እንደ ፍሉቲካሶን ያሉ የሚነፉ መድኃኒቶች ውጤታቸው ለመታየት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል፤ ነገር ግን ያንን ወጥመድ አያጠምዱም። የአፍንጫ አጥንት ከተጣመመ ነገሩ የአንገት በላይ ሐኪም ነው።

አፍንጫው ተከፍቶም አፍ ካልተዘጋ ወደ ዕቃዎቹ እንምጣ።

አፍንጫንም አፍንም የሚሸፍነው ሙሉ ማስክ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነው፤ ምክንያቱም ነገሩን የሚፈታው በመሸነፍ ነው፦ አፍ ይከፈት፣ አየሩ ከማስኩ አይወጣም። አፍንጫቸው ፈጽሞ ለማይከፈት ሰዎች ከዚህ የተሻለ የለም። ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ይህን ጥቅም የውጭ አገር ሻጮች እንደ ዋዛ ያልፉታል፣ እኛ ግን ልናልፈው አንችልም። መብራት ሲጠፋ ግፊቱ ሲወርድ ማስኩ ላይ ያለው ትንሽ ክዳን በራሱ ይከፈትና ንጹሕ አየር ያስገባል።

ጉድለቱም ብዙ ነው። ፊት ላይ የሚያርፍበት ስፍራ ሰፊ ስለሆነ የሚያፈስበት ጠርዝም ረጅም ነው። ጺም ያለው ሰው ይቸገራል፤ ማታ ሰው ሠራሽ ጥርሱን የሚያወልቅ ሰው ጉንጩ ስለሚጎድል ማስኩን የሚለካው ጥርሱን አውልቆ መሆን አለበት። ማስኩ ወደ ኋላ ሲጠብቅ አገጭን ወደ ጉሮሮ ሊገፋ ስለሚችል ብዙ ጊዜ ከአፍንጫ ማስክ ከፍ ያለ ግፊት ይጠይቃል፤ በተለያዩ ጥናቶችም ሕክምናውን በየሌሊቱ የመቀጠል ነገር በአፍንጫ ማስክ ተጠቃሚዎች ላይ የተሻለ ሆኖ ታይቷል። ለዚህ አልደነቅም። በሚያዝያ ሙቀት አዳማ ውስጥ ግማሽ ፊትን በሲሊኮን ሸፍኖ መተኛት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። የአፍ መድረቅም አይቀርም፤ በአፍ የሚተነፍስ ሰው ማስክ ውስጥም ሆኖ በአፉ ነው የሚተነፍሰው። ከአፍንጫው ድልድይ በታች የሚያርፉት አዳዲሶቹ ዓይነቶች ቀለል ይላሉ፤ መነጽር አድርጎ ለሚያነብ ሰውም ይመቻሉ። ማሰሪያቸው ላይ ማግኔት ያላቸው ማስኮች ደግሞ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ወይም ሌላ የብረት ተተኪ አካል ለገባለት ሰው፣ አልጋውን ለሚጋራውም ጭምር፣ አይሆኑም። ዋጋው ከሁሉም ይከብዳል፤ በአሜሪካ ሱቆች ብዙውን ጊዜ ከ100 ዶላር ያልፋል።

የአገጭ ማሰሪያ በዚያው አገር ከ10 እስከ 25 ዶላር ይገኛል፤ እኔ የመጀመሪያዬን ያሰፋሁት እዚሁ ፖስታ ቤት አካባቢ ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። የሚለጠጥ ጨርቅ፣ ጫፉ ላይ ቬልክሮ፣ ሌላ ነገር የለውም። ያደረግሁበት ሌሊት ባለቤቴ መብራት አብርታ አየችኝና አማተበች። «እኔ በሕይወት እያለሁ አገጭህን እንዲህ አስረህ አትተኛም!» ብላ ጮኸች። በአገራችን አገጭ በጨርቅ የሚታሰረው መቼ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁለት ሌሊት ሌላ ክፍል አደርኩ። ሦስተኛው ላይ ጩኸቱ የቀነሰ መሆኑን ስታይ ተስማማች፤ ቀለሙን ግን ከነጭ ወደ ሰማያዊ አስቀየረችኝ።

ማሰሪያው የሚረዳው መንጋጋው ለሚወርድበት ሰው ነው። መንጋጋ ተዘግቶ ከንፈር ብቻ የሚያፈተልክ ከሆነ ግን እምብዛም አይጠቅምም፤ ጉንጩ እንደ ፊኛ እየተነፋ አየሩ በከንፈር ጠርዝ ይወጣል። ሲመረጥ የአጎታተቱን አቅጣጫ ተመልከቱ። ከአገጭ ስር ተነስቶ በቀጥታ ወደ አናት የሚወጣው ይሻላል፤ ዞሮ ወደ ማጅራት የሚጎትተው መንጋጋን ወደ ኋላ ሊገፋና ጉሮሮን ይበልጥ ሊያጠብ ይችላል። በጣም ማጥበቅም የጆሮ ስር መገጣጠሚያን ያሳምማል። አንድ ነገር አስረግጬ ልናገር፦ ያለ ሲፓፕ ብቻውን ማሰሪያ ማሰር ሕክምና አይደለም፤ ማንኮራፋት ያቆማል እያሉ የሚሸጡት ገበያ ላይ አሉ፣ አትመኗቸው።

ፕላስተር ላይ ረዘም አድርጌ ልቆም ነው፤ ምክንያቱም በኢንተርኔት ከሁሉም በላይ የሚወደሰው እሱ ነው። ከንፈርን በትክክል ይዘጋል፣ ርካሽ ነው፣ ማሰሪያው ያልቻለውን የከንፈር ማፈትለክ ያቆማል። ይህን አልክድም። ነገር ግን እስቲ የአዳማን ሌሊት አስቡት። የአፍንጫ ማስክ አድርጋችኋል፣ አፋችሁ በፕላስተር ታሽጓል፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። የአፍንጫ ማስክ በአብዛኛው ያ በራሱ የሚከፈት ክዳን የለውም፤ የተሠራው ሰውየው አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል ተብሎ ነው። እናንተ ያሸጋችሁት ያንኑ በር ነው። ብዙ ሰው ታፍኖ ይነቃል፤ መጠጥ የጠጣ ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የወሰደ ሰው ግን በጊዜ መንቃቱን ማን ይዋስለታል? የሚያቅለሸልሸው፣ ጨጓራው ወደ ላይ የሚመልስበት፣ አፍንጫው በጉንፋን የተያዘ ሰውማ ፈጽሞ አይሞክረው። ነፋሱ የሚያመነጨው መብራት ሁልጊዜ ከእኛ ጋር በማያድርበት ከተማ ፕላስተርን ለማንም አልመክርም። እምቢ ብሎ የሚሞክር ሰው ሐኪሙን አማክሮ፣ ከንፈርን ሙሉ በሙሉ በማይሸፍን፣ በምላስ ሲገፉት በሚላቀቅ ቁራጭ ይሁን።

ለስላሳ የአንገት ኮሌታም አለ። አገጩ ወደ ደረቱ ለሚታጠፍ ሰው ይረዳል፤ ግን መጀመሪያ ሁለት ትራስ ደራርባችሁ የምትተኙ ከሆነ አንዱን አውጡት፣ በጎን ተኙ። ይህ ነጻ ነው። ኮሌታው በሙቀታችን ላብ ከማብዛት ያለፈ ነገር አልፈየደልኝም።

እርጥበት ሰጪው የመሣሪያው ክፍል አፍ አይዘጋም፤ ግን ያንን የመድረቅና የማበጥ አዙሪት የሚሰብረው እሱ ነው። ስለዚህ የመሣሪያ ምርጫ ላይ ካላችሁ ሞቆ እርጥበት የሚሰጠውን ውሰዱ። ውሃው የተጣራ፣ ማዕድን የሌለበት ቢሆን ይመረጣል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት አያስወግድም፤ ቅርፊቱ ሲይዝ በውሃ በቀጠነ አቼቶ ማጠብ ያስለቅቀዋል። ለመኪና ባትሪ ተብሎ የሚሸጠውን አትግዙ፤ አሲድ ካለበት ጋር መምታታት ቀልድ አይደለም። ሌላው ሒሳብ የኤሌክትሪኩ ነው፦ ሲፓፕን በባትሪ ስታሠሩ ኃይሉን የሚበላው ከነፋሹ ሞተር ይልቅ ማሞቂያው ነው። እኔ መብራት በጠፋ ሌሊት እርጥበቱን አጥፍቼ በባትሪው አድራለሁ፤ አፍንጫዬ ትንሽ ይደርቃል፣ ትንፋሼ ግን አይቆምም።

ግፊቱም ቢሆን ይጠየቅ። ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ያለ ግፊት አፍን በርግዶ ይከፍታል፤ ሐኪሙ የሌሊቱን መረጃ አይቶ ጣሪያውን ዝቅ ሊያደርገው ወይም ስትተነፍሱ ግፊቱ ላላ የሚልበትን አማራጭ ሊከፍተው ይችላል። በራሳችሁ አትነካኩት። ያገለገለ መሣሪያ ስትገዙም አምራቹ ፊሊፕስ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ድሪምስቴሽንን ጨምሮ በርካታ ሞዴሎችን በውስጣቸው ባለው የድምፅ መቀነሻ ፎም መበላሸት ምክንያት ከገበያ እንደ ሰበሰበ አትርሱ፤ የመለያ ቁጥሩን ሳታጣሩ ብር አትቁጠሩ።

እኔ ብትጠይቁኝ አፍንጫው ለሚከፈትለት የአዳማ ሰው የምመርጠው የአፍንጫ ማስክ፣ እርጥበትና ወደ አናት የሚወጣ ማሰሪያ ነው። ማሰሪያው ይለጠጣል፤ መብራት ሲጠፋ አፍ በግድም ቢሆን ይከፈታል። አፍንጫው እምቢ ያለው ሰው ሳይሟገት ሙሉ ማስኩን ይግዛ፣ ጺሙንም ይላጭ።

ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ይህን ይያዝ። በአሜሪካ የተሟላ ማስክ የሚሸጠው በሐኪም ማዘዣ ነው፤ ማዘዣችሁን በእንግሊዝኛ አስጽፋችሁ ላኩ። ፊት ላይ የሚያርፈው ሲሊኮንና ማሰሪያው ለየብቻ ሲሸጡ ብዙ ጊዜ ማዘዣ አይጠየቅም፤ ያረጀው ሲሊኮን ብቻ ከሆነ ሙሉውን መግዛት ብክነት ነው። ሙሉ ማስክ ሲለካ አፍ ገርበብ ብሎ፣ ጋደም ተብሎ፣ መሣሪያው በርቶ ይሁን። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ በግምት ትልቁን ልኮልኝ አንድ ወር ሙሉ ዓይኔ ላይ ሲነፍስብኝ ከረመ። አሁን ከመግዛቱ በፊት ስልክ ይደውልና «ጋሼ፣ ሲሊኮኑ ላይ የተጻፈውን ፊደልና ቁጥር ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ» ይለኛል።