ቦይለሩ ደህና ነው፣ ሰርቪሱ ግን ጨጓራዬን ላጠው

ይሄን በጋዝ የሚሰራ የቤት ማሞቂያ ቦይለር ከገዛሁት 4 ዓመት ሆነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ ነው፣ ጋዝ አይበላም፣ ባለፈው ወር ብትጠይቁኝ 5 ኮከብ ነበር የምሰጠው። ሰሞኑን ግን ሃያ ደቂቃ ይሰራና ቀጥ ይላል፣ ስክሪኑ ላይ የጭስ ማውጫ ሙቀት የሚል ኤረር ያመጣል፣ ሪሴት ሳደርገው ይነሳና ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግሞ ያው። ማኑዋሉ ምን ይላል መሰላችሁ? «ቴክኒሻን ይጥሩ»። በቃ።

ሰርቪሱ የላከው ልጅ ኮዱን እንዳየ ሳይለካ ሳይፈትሽ የጭሱን ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር ቀይሮ ሄደ። ሁለት ቀን ሰራ (ለካ ቀኑ ሞቅ ስላለ ነው፣ ቦይለሩ በሙሉ ኃይሉ አልነደደም)፣ ብርዱ ሲመለስ ኤረሩም ተመለሰ። ስደውል አሁን ደግሞ ቦርዱ (ማሽኑን የሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክስ) ነው ይቀየር አሉኝ። እምቢ ብዬ ሌላ ሰውዬ ጠራሁ።

ሰውዬው ካቻቢቴ እንኳን ሳያነሳ መጀመሪያ ሜኑ ውስጥ ገብቶ ቁጥሮቹን አየ። ከራዲያተር የሚመለሰው ውሃ 50 ዲግሪ፣ ጭሱ ከ100 በላይ። ይሄ ዓይነቱ ቦይለር የጭሱን ሙቀት ውሃው ውስጥ ስለሚያስቀር ጭሱ ከሚመለሰው ውሃ ብዙም መራቅ የለበትም፣ ከራቀ ሙቀቱ ውሃው ጋ እየደረሰ አይደለም አለኝ። የጭስ ቱቦዬ ደግሞ ፕላስቲክ ነው፣ የሚችለው እስከ 120 ዲግሪ ስለሆነ ነው ማሽኑ ቀድሞ ራሱን የሚያጠፋው፣ እኔ ሞኙ በሪሴት እቀጠቅጠዋለሁ።

ሲከፍተው ሂት ኤክስቼንጀሩ (የእሳቱን ሙቀት ወደ ውሃው የሚያስተላልፈው ክፍል) የቡና አተላ በሚመስል ነገር ጥቅጥቅ ብሏል። በየዓመቱ ሰርቪስ እያልኩ የከፈልኩት ለካ ከላይ አቧራ ለማራገፍ ነው! ጠርጎ አጥቦ የክዳኑን ጎማ በአዲስ ቀየረ፣ መጨረሻ ላይ ጭሱን በመሳሪያ ለክቶ ካርቦን ሞኖክሳይዱን (መርዛማውን ጋዝ) አይቶ ነው የሄደው (ይሄን ራሳችሁ እንዳትሞክሩት፣ ጎማው በደንብ ካልገጠመ ጭሱ ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው)። አሁን ጭሱ 60 አካባቢ ነው፣ ሳይቆም ያድራል።

ለቦይለሩ 4፣ ለሰርቪሱ 1፣ እሱም ስልክ ስላነሱ። የመጀመሪያው ልጅ ነቅሎ የተወውን ሴንሰር ሰውዬው በቴስተር ለካው፣ 25 ዲግሪ ላይ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ የመከላከል አቅሙ) 10 ኪሎ ኦም መሆን አለበት አለ፣ ወደዛው ነው ያሳየው፣ እጁ ውስጥ ጨብጦ ሲያሞቀው ቁጥሩ እንደሚገባው ወረደ። ሴንሰሩ ምንም አልሆነም። መሳቢያዬ ውስጥ አለ።